የቪክቶሪያ ዘመን ሳይንቲስቶች ግጥም ለምን አያስቅም? ዜማውና ዕቃው ስለሌለ ነው

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። በቪክቶሪያ ዘመን የነበሩ የብሪታንያ ሳይንቲስቶች ግጥም ይጽፉ እንደነበር ሰምቼ ሁለት ሦስቱን ፈልጌ አነበብሁ። እውነቱን ለመናገር አላሳቁኝም፤ ቁም ነገራቸውም አልታየኝም። ችግሩ ከእኔ ነው ከእነሱ? ክፍል ውስጥ ቢነበብ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ወደ አማርኛስ ይመለሳሉ?»

መልስ፦

መምህር፣ ችግሩ ከሁለታችሁም አይደለም። እነዚህ ግጥሞች ብቻቸውን እንዲነበቡ አልተጻፉም። አብዛኞቹ ሁለት ነገር ተደግፈው የቆሙ ናቸው፤ አንደኛው ያኔ ሁሉም ሰው በቃሉ የሚያውቀው ዘፈን ወይም ግጥም፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ ወይም ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቀመር። አድማጩ ዜማውን በልቡ እያንጎራጎረ ዕቃውን ያያል፤ ሳቁ የሚመጣው ከሁለቱ መካከል ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሰሙ ብቻ እንደቀረ ቅኔ ነው የሚሆነው። እርስዎ ፊዚክሱን ያውቁታል፤ የጎደለዎት ዜማው ነው። ተማሪዎችዎ ግን ሁለቱም ይጎድላቸዋል።

መጀመሪያ ዘመኑን እናስቀምጥ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቪክቶሪያ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1862 የጻፉላት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ የቀረባት ያችው ንግሥት፣ ከ1837 እስከ 1901 ነገሠች። «ሳይንቲስት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ ዊልያም ሂዩዌል የፈጠረው እሷ ከመንገሧ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1830ዎቹ ነው። በየድረ ገጹ በሚዞሩ ዝርዝሮች ውስጥ ኢራስመስ ዳርዊንና ሃምፍሪ ዴቪ አብረው ይገባሉ፤ የቻርልስ ዳርዊን አያት በ1802፣ ዴቪ በ1829 ነው የሞቱት፤ ሁለቱም ዘመኑን አላዩም። ለቪክቶሪያ ዘመን ምሁር ግጥም መግጠም እንግዳ ሙያ አልነበረም። በትምህርት ቤት በላቲንና በግሪክ ስንኝ መቋጠር ግዴታ ነበርና፣ የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍ ማንም እንደማይደነቅ ሁሉ፣ የሒሳብ ሊቅ በእራት ግብዣ ላይ ግጥም ቢያነብ የሚገርመው ሰው አልነበረም።

የሚጀመረው ከጄምስ ክላርክ ማክስዌል (1831–1879) ነው። ግጥሞቹ እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1882 ካምቤልና ጋርኔት ባሳተሙት የሕይወት ታሪኩ መጨረሻ ላይ ተሰብስበዋል። መብቱ ያለፈበት መጽሐፍ ስለሆነ በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይገኛል። አንዳንዶቹ ግጥሞች ስም የላቸውም፤ በስም ፋንታ የግፊት ለውጥ ለሙቀት ለውጥ ሲካፈል የሚጻፍበት ምልክት፣ «ዲፒ በዲቲ»፣ ተፈርሞባቸዋል። ይህ ራሱ ቀልድ ነው። ወዳጁ የፊዚክስ ሊቁ ፒተር ቴት በ1868 ባሳተመው የቴርሞዳይናሚክስ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ምልክት ከ«ጄ ሲ ኤም» ጋር እኩል ነው የሚል ቀመር አለ፤ ጄ ሲ ኤም ደግሞ የማክስዌል ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው።

ምናልባት ያነበቡት «ግትር አካል ሲዘፍን» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ነው፤ በየመጽሐፉ የሚጠቀስ እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ዜማ የስኮትላንዱ ሮበርት በርንስ በአጃ ማሳ ውስጥ ስለሚገናኙ ሰዎች የጻፈው ዘፈን ነው። በስኮትላንድ አነጋገር የእንግሊዝኛው «አካል» የሚለው ቃል «ሰው፣ አንዱ ሰው» ማለት ነው። በርንስ «አንዱ ካንዱ ማሳ ውስጥ ቢገናኝ፣ ቢሳሳሙስ ማን ይከፋዋል» ሲል፣ ማክስዌል ቃሉን ሳይነካ ትርጉሙን ብቻ ወደ መካኒክስ ያዞረዋል፤ አካል ከአካል በአየር ላይ ሲበር ቢገናኝ፣ ቢጋጭ፣ ወዴት ይበራል? የመሳሳሙ ጥያቄ የግጭት ጥያቄ ሆነ። ተናጋሪው አካሉ ራሱ መሆኑን ልብ ይበሉ። እያንዳንዱ ግጭት መለኪያ አለው፣ እኔ ግን አንዱንም አላውቅ፤ ልጆቹ ሁሉ ይለኩኛል፣ ቢያንስ ይሞክራሉ፤ ባላውቅስ ምን ቀረብኝ? ይላል።

ይህን ወደ አማርኛ ለመመለስ ዕድለኞች ነን። «አካል» በእኛም የሰው ገላ ነው፣ በፊዚክስ መጽሐፍም ቁስ ነው። በዚያ ላይ «ግትር» አለን፤ የማይተጣጠፍ ነገርም፣ ቃሉን የማያጥፍ እልኸኛ ሰውም ግትር ይባላል።

አካል ካካል ቢገናኝ፣ ሰማይ ላይ ሲበር፣
አካል አካልን ቢመታው፣ የት ይሆን የሚያድር?

ረቂቅ ነው፤ ቤት እንዲመታ «ወዴት ይበር» የሚለው «የት ያድር» ሆኗል። ሲያሻሽሉት ከረጅሙ የወል ቤት ይልቅ ወደ ቡሄ በሉ ምጣኔ ይጠጉ፤ የበርንስ ዘፈን የሚዘለል እንጂ የሚጎተት አይደለም። ብዙ ተርጓሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቃል በቃል ትክክል የሆነ፣ ግን ሊዘፈን የማይችል ነገር ያመጣል፤ ሊዘፈን ካልቻለ ደግሞ ቀልዱ የለም።

ለክፍል የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ማክስዌል ለሴቶች ስለሚሰጥ የፊዚክስ ትምህርት የጻፈው፣ የመስተዋት ጋልቫኖሜትር (ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) ያለበት። ከሥሩ ያለው የዘመኑ ታላቅ ገጣሚ የቴኒሰን ዝነኛ ግጥም ነው። ቴኒሰን ፀሐይ በግንብ ላይ ስትወድቅ፣ ጥሩንባ ሲነፋ፣ የገደል ማሚቶው ከተራራ ተራራ እየደከመ ሲሞት ያሳያል። ማክስዌል ግንቡን ወደ ጠቆረ የላቦራቶሪ ግድግዳ ይለውጠዋል። የመብራቱ ጨረር በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ በካርቶን ሚዛን ላይ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። «ንፋ ጥሩንባ» የነበረው «ፍሰስ ኮረንቲ» ይሆናል (ኮረንቲ የሚለው ቃላችን ከጣልያንኛው «የሚፈስ» ስለመጣ እዚህ ቁጭ ብሎ ይገጥማል)። የማሚቶው እየደከሙ መሞት ደግሞ የብርሃኗ ነጥብ መወዛወዝ እያነሰ መቆም ነው። የቴኒሰን የኀዘን ቃል በፊዚክስ ትክክለኛ መግለጫ ሆነ። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው።

ተማሪ ይህን እንዲያይ ዕቃውን መሥራት ይቻላል። ዊልያም ቶምሰን በ1858 ለአትላንቲክ ቴሌግራፍ ገመድ ያዋለው መሣሪያ ነው፤ ከኋላው ጥቃቅን ማግኔት የተለጠፈበት ትንሽ መስተዋት በሐር ክር በጥቅል ሽቦ መሀል ይንጠለጠላል፣ ከመብራት የመጣ ጨረር መስተዋቱ ላይ ነጥሮ ሚዛን ላይ ያርፋል። ለክፍል እንዲህ ያድርጉት። ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን የመዳብ ሽቦ 4 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ባለው ቆርቆሮ ወይም ቱቦ ላይ 50 ጊዜ ይጠምጥሙና አውጥተው በቴፕ ያስሩት። ጥቅሉን አቁመው፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ እንዲያይ፣ ማለትም ቀለበቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዲዘረጋ ያድርጉ። 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ስባሪ ይውሰዱ፣ በጀርባው ትንሽ ማግኔት በአግድም ይለጥፉ፣ በአንዲት ነጠላ የሐር ወይም የናይለን ክር በጥቅሉ መሀል ያንጠልጥሉት። 1.5 ቮልት ባትሪ ከ390 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ያገናኙ። የሌዘር ጠቋሚ ወይም በካርቶን ስንጥቅ የተጋረደ የስልክ መብራት በጥቅሉ በኩል መስተዋቱ ላይ ያብሩ፤ ግድግዳው 2 ሜትር ይራቅ።

ሒሳቡ ይኸው። ሽቦው ውስጥ 4 ሚሊአምፔር ገደማ ያልፋል፤ ጥቅሉ መሀል 3 ማይክሮቴስላ ያህል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። አዲስ አበባ አካባቢ የመሬት አግድም መስክ 35 ማይክሮቴስላ ገደማ ስለሆነ፣ መስተዋቱ ወደ 5 ዲግሪ ይዞራል። ጨረሩ ግን ሁለት እጥፍ፣ 10 ዲግሪ፣ ይዞርና ነጥቧ ግድግዳው ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሄዳለች። በዓይን የማይታየውን ፍሰት ክፍሉ ሁሉ ያየዋል። ሽቦውን ሲያላቅቁ ነጥቧ ወዲያና ወዲህ እያለች፣ ስፋቷ እያነሰ፣ ትቆማለች። ግጥሙ መነበብ ያለበት ያኔ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሬዚስተር ከተረሳ ፍሰቱ ብዙ ስለሚሆን ነጥቧ ከግድግዳው ወጥታ ትጠፋለች፣ ባትሪውም ይሞቃል። ጥቅሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተዘረጋ የጥቅሉና የመሬት መስክ በአንድ መስመር ይሆኑና መስተዋቱ አይነቃነቅም፤ ተማሪው «ባትሪው ሞቷል» ይላል። የተፈተለ የጥጥ ክር ራሱን እየፈታ ነጥቧን ያለ ኮረንቲ ያዞራታል። የብረት ዴስክም ማግኔቱን ይስበዋልና ከእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ፤ መስኮትም ይዝጉ። ሌዘር ከሆነ ወደ ዓይን እንዳይነጥር ተማሪዎቹ ከመስተዋቱ ቁመት በታች ይቀመጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይወቁ፤ የግጥሙ መጨረሻ ሴቶችን ይነካል። መምህሩ ተማሪዋን «ውዴ፣ የመጨረሻው ንባብሽ ስንት ነው?» ይላትና ሚዛኑን እስከ አንድ አሥረኛ ክፍልፋይ በትክክል ማንበብ ሲያቅታት፣ እነዚያ ዓይኖች የተሰጡሽ ሰማይን እንዲያንጸባርቁ እንጂ ለረቂቅ ልኬት አይደለም ይላል። ቴኒሰን ያን ዘፈን ያስገባበት ረጅም ግጥም ስለ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ማክስዌልም ካምብሪጅ ውስጥ በ1874 በተከፈተው የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ ሴቶችን ለመቀበል አልቸኮለም። ስለዚህ ቀልዱ ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ደብቆ ማለፍም ደስ አይልም። ንባቡን ለአንዲት ሴት ተማሪ ይስጡና እስከ ሚሊ ሜትር አንብባ ትጻፍ፤ መልሱ ያ ነው።

ለዚህ ግጥም አቻ የምትሆነው ኮንስታንስ ኔደን (1858–1889) ናት። በርሚንግሃም በሚገኘው የሜሰን ሳይንስ ኮሌጅ የተማረች፣ በ31 ዓመቷ የሞተች ፈላስፋና ገጣሚ። በ1887 ከታተመው መጽሐፏ ውስጥ ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ የጻፈችውን ይፈልጉ። ተናጋሪው የጥንት አጥንት የሚቆፍር ሊቅ ነው፤ ለወዳጁ ለክሎይ የዋሻ ሰዎች ራስ ቅል፣ የጭንና የዳሌ አጥንት ስጦታ አድርጎ ያቀርባል። ክሎይ ግን የሚዘፍንና የሚጨፍር ባዶ ጭንቅላት ጎረምሳ ትመርጣለች። ዳርዊን በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ ወንዱ ወፍ በላባውና በዜማው ሲያጌጥ ሴቷ ትመርጣለች ብሏልና፣ ሊቁ አይቆጣም። ክሎይ ከዳችኝ፣ እንግዲያው ዳርዊን ልክ ነው ብሎ ይጽናናል። ሊቁ ተሸነፈ፣ ንድፈ ሐሳቡ አሸነፈ፤ መራጯም ሴቷ ናት። ከማክስዌል ጎን ቢነበብ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ማክስዌል አንድ ጊዜ ልመለስ፤ የቴሌግራፈኛው የፍቅር ግጥም መዘለል የለበትም። ወንዱ ቴሌግራፈኛ ለሴቷ ቴሌግራፈኛ ይጽፋል (በእንግሊዝ ሴቶች በዚህ ሥራ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ተቀጥረዋል)። ፍቅሬ እንደ ዳንኤል የጸና፣ እንደ ግሮቭ የበረታ፣ እንደ ስሚ የሚፈላ ነው ይላል። አንባቢ እነዚህን የሰው ስም አድርጎ ያልፋቸዋል። ሦስቱም የባትሪ ዓይነቶች ናቸው፤ ቅጽሎቹም የላቦራቶሪ መረጃ ናቸው። የ1836ቱ የዳንኤል ባትሪ በዚንክና በመዳብ 1.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፣ ኃይሉም ሳይዋዥቅ ይቆያል፤ ጸና ማለቱ ለዚህ ነው። የ1839ኙ የግሮቭ ባትሪ ፕላቲነምና ናይትሪክ አሲድ ስላለው ወደ 1.9 ቮልት ይደርሳል፤ በረታ። የስሚው በተቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሃይድሮጂን ያረፋፋል፤ ፈላ። መጨረሻ ላይ እሷ «እኔ በአንድ ቮልት ፍቅር የተሞላሁ ፋራድህ ነኝ» ብላ ትመልሳለች። ፋራድ የኤሌክትሪክ ሙል ማጠራቀሚያ (ካፓሲተር) አቅም መለኪያ ነው፤ በዚያ ዘመን የሚሠሩት ማጠራቀሚያዎች የሚለኩት በማይክሮፋራድ ነበር፤ አንድ ሙሉ ፋራድ የማይታሰብ ነገር ነው። እንግዲህ የልጅቷ ፍቅር ምን ያህል እንደሆነ ያስቡት። አንድ ወጥመድ አለ፤ «ቬበር በብዙ ኦም ውስጥ በረረ» የሚል መስመር ያገኛሉ። ዛሬ ቬበር የመግነጢስ ፍሰት መለኪያ ስለሆነ መስመሩ ስሕተት ይመስላል። ያኔ ግን ቬበር የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነበር፤ አምፔር የሚለውን ያጸደቀው የ1881 የፓሪስ ጉባኤ ነው። ሲተረጉሙ «አምፔር» ብለው አያርሙት፣ ከታች አንድ መስመር ማብራሪያ ይበቃል።

ዊልያም ራንኪን (1820–1872)፣ የግላስጎው የምህንድስና ፕሮፌሰር፣ ከማክስዌል ይልቅ ቀላል ነው፤ በ1874 የታተመ የዘፈን መጽሐፍ አለው። በፍቅር የወደቀው የሒሳብ ሊቅ ውበትን ኤክስ፣ ጠባይን ዋይ፣ ሀብትን ዜድ ብሎ (ይህ የመጨረሻው የግድ ነው ይላል) ፍቅርን የሦስቱ ፈንክሽን ያደርጋል፣ ከጊዜ አንጻር ኢንተግሬት ሲደረግ ውጤቱ ጋብቻ ይሆናል፤ ልጅቷ ግን ከአንድ ፈረሰኛ ወታደር ጋር ትጠፋለች። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለ ማስታወሻ ይስቅበታል። ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን በሜትር ላይ የዘፈነው ነው። ፓርላማ በ1864 ሜትርን በውል መጠቀም ሲፈቅድ ብዙ ብሪታንያዊ ተቆጥቶ ነበር፤ የራንኪን ሠራተኛም የሦስት ጫማ መለኪያዬን አልለቅም ይላል። ክርክሩ በቁጥር ነው። እነሱ የመሬትን ዙሪያ 40 ሚሊዮን ሜትር ነው ቢሉ፣ ከዋልታ ወደ ዋልታ ደግሞ 500 ሚሊዮን ኢንች ነው ይላል። ተማሪዎችዎ ያረጋግጡት። የዋልታው ዲያሜትር 12,713.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ2.54 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል 500.5 ሚሊዮን ኢንች ይመጣል፣ ስሕተቱ 0.1 በመቶ ነው። በዋልታዎቹ በኩል የሚያልፈው ዙሪያ ደግሞ 40,008 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስሕተቱ 0.02 በመቶ። ራንኪን በራሱ ሚዛን ተሸንፏል። ለነገሩ ኢንችም አልሞተም፤ እኛ አገር የቧንቧ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዛሬም «ግማሽ ኢንች» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር (1814–1897) ለየት ያለ ነው፤ እሱ አይቀልድም፣ ወይም እየቀለደ መሆኑ አይታወቅም። አልጀብራ ውስጥ ቃላት እየፈጠረ የሚዝናና ሊቅ ነበር፤ በ1870 ስለ ግጥም ሕግ መጽሐፍ ጽፏል። ከአንድ ቀመር ውስጥ ለጎደለ አንድ አባል «አንተ ብቸኛ፣ የተጣልህ» ብሎ ሶኔት (ባለ 14 መስመር ግጥም) ጽፎለታል። አሜሪካ ውስጥ ባልቲሞር በነበረ ጊዜ «ሮዛሊንድ» በሚለው ስም ብቻ ቤት የሚመቱ ወደ 400 የሚጠጉ ስንኞች ገጠመ። ንባቡን እንዳያቋርጥ ብሎ የግርጌ ማስታወሻዎቹን አስቀድሞ ሲያነብ አንድ ሰዓት ተኩል እንደፈጀ ይተረካል። ለአማርኛ አንባቢ 400 ስንኝ በአንድ ቤት መምታት ብርቅ ላይመስለው ይችላል፤ የእኛ ቤት በመጨረሻው ፊደል ይመታልና ቃል አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ግን አናባቢውም ተነባቢውም መመሳሰል አለበት፤ ቃሉ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የሲልቬስተርን ጀብዱ መተርጎም አይቻልም፤ ቢተረጎም ጀብዱነቱ ይቀራል። እንደ ታሪክ ይንገሩት፣ አያንብቡት።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ የባሕር እንስሳት አጥኚው ኤድዋርድ ፎርብስ ከባሕር ወለል እንስሳ ለሚጠርግበት መረብ የጻፈው ዘፈን ደስ ይላል። የአየርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ሃሚልተን ጎበዝ ሶኔት ጸሐፊ ለመሆን ፈልጎ ወዳጁ ገጣሚው ዎርድስወርዝ ወደ ሳይንሱ እንዲያደላ መክሮታል፤ ምክሩ ትክክል ነበር። የሥነ ሕይወት ሊቁ ቶማስ ሃክስሊ በ1892 ለቴኒሰን ቀብር የጻፈው ከባድና ደረቅ ነው፤ ይዝለሉት።

ቁም ነገር ለጠየቁት ግን ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1897 ሕንድ ውስጥ ሴኩንደራባድ ላይ፣ የወባ ሕመምተኛ የነከሰች ትንኝን ሆድ ሰንጥቆ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ በጨጓራዋ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው ሕዋሳት አገኘ፤ የወባው ጥገኛ ተሕዋስ ነበሩ። ስለዚሁ ግኝት የጻፋት ግጥም በሦስት አንጓ 12 መስመር ብቻ ናት። እግዚአብሔር ዛሬ ራርቶ ድንቅ ነገር በእጄ አኖረ፤ በእንባና በድካም ፈልጌ፣ ሚሊዮኖችን የፈጀህ ሞት ሆይ፣ ተንኮለኛ ዘሮችህን አገኘሁ፤ ይህች ትንሽ ነገር እልፍ ሰው እንደምታድን አውቃለሁ፤ ይልና በጥያቄ ይዘጋል። «ዘሮችህ» ያለው እነዚያን ነጠብጣብ ሕዋሳት ነው። ዕቃው ማይክሮስኮፑ ነው፣ ዜማው ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ፤ መዝጊያው ጥያቄ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥55 የመጣ ነው። ስለዚህ ሲተረጉሙ የራስዎን ቃል አይፍጠሩ፤ አማርኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፦ «ሞት ሆይ፥ መውጊያህ የት አለ? ሲኦል ሆይ፥ ድል መንሣትህ የት አለ?» ሮስ የተጠቀመበት የእንግሊዝኛ ቃል የነፍሳት መውጊያ ማለትም ነው። የእኛም «መውጊያ» ጦርም ነው፣ የትንኝዋም መርፌ ነው። ተማሪዎችዎ ወባ ያለበት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ፣ ያን ቃል ሲሰሙ የሚያስቡት የቱን እንደሆነ መገመት አያቅትዎትም።